ብልት አዋቂ

ሞጆ መድረሳችንን የሚነግረን ታፔላው አይደለም፤ ሽታው ነው። ነፋሱ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ ወደ አስፋልቱ ሲያዘነብል እንግዳው የሚኒባሱን መስኮት ይዘጋል፤ የአገሩ ሰው ደግሞ «ወራጅ አለ!» ይላል።

ደረቅ ወደቡ ቅር ይለው ይሆናል እንጂ ሞጆ የምትኖረው በሥጋና በቆዳ ነው። ዐረብ አገር የሚሄደው በግና ፍየል እዚህ ይታረዳል፤ ቆዳው እዚህ ይለፋል፤ ከጅቡቲ የሚወጣውም ወደ ሐዋሳ የሚገነጠለውም ሾፌር ቁርጡን የሚቆርጠው እዚህ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ የሚኖር ሰው ስለ ብልት ሲያወራ ጣልቃ አይገባበትም። (ብልት ስል ፊታችሁ እንዴት እንደሆነ ይታየኛል። ቆዩኝ፣ እመጣበታለሁ።)

ጎረቤቴ የተሳቢ ሾፌር ነው። ቅዳሜ ልኳንዳ ቤት ሲገባ ብታዩት ቀዶ ጥገና ክፍል የገባ ፕሮፌሰር ነው የሚመስላችሁ። እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ ሁለቱን መዳፎቹን ወደ ላይ አንሥቶ የተሰቀለውን በሬ ይመረምራል። «ከሻኛው ትንሽ። ከጎድን ተዳቢት አድርግበት። ታናሽ ካለህ ጣል አድርግ። ንቅሉን ለሌላ ሰው ሽጠው።» ቆራጩ ቢላዋውን ሁለት ጣት ያህል ከሳተ አለቀለት። «ኧረ ወንድሜ፣ እሱኮ ታላቅ ነው! እኔ ታናሽ ነው ያልኩህ!» ከአራት ሜትር ርቀት፣ በዚያ ደብዛዛ አምፖል፣ ሥጋን ከሥጋ ይለያል። እኔ አብሬው በመቀመጤ ብቻ የተማርኩ ሰው እመስላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ሌሊት ይኸው ፕሮፌሰር ሆዱን ይዞ ሲገላበጥ አደረ። ንጋት ላይ በባጃጅ ጭኜ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» አለች ሲስተር።

«እዚህ።» መዳፉን ከጡቱ ሥር አስነሥቶ እስከ ቀበቶው አወረደው፤ ከዚያ ወደ ግራ ጎኑ፣ ከግራ ጎኑ ወደ ቀኙ አመላለሰው። በዝናብ የሚሠራ የመኪና መጥረጊያ ነበር የሚመስለው።

«ሆድዎን ነው?»

«ሆዴን።»

«ሆድዎን የቱ ጋ?»

«ሆዴን ነው እኮ የምልሽ!»

ቅዳሜ ለሁለት ጣት ስሕተት ቆራጩን ያስለቀሰ ሰው፣ በገዛ አካሉ ላይ ግማሽ ሜትር ሲስት ምንም አልመሰለውም።

ወረፋ የሚጠብቁትም ዝም አላሉም። አጠገባችን የነበሩ እናት «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽታችሁ አጠጡት» አሉ። አንድ ጎረምሳ «ጥሬ ሥጋ ይበላ የለ? ኮሶ ነው» አለ። በአፋን ኦሮሞ ሲጨዋወቱ የነበሩ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው «ገራ ነው» ብለው አጸደቁ። ገራ ማለት ሆድ ነው፤ ስፋቱም ከአማርኛው ሆድ አያንስም። በሁለት ቋንቋ የቱ ጋ እንደሆነ አልታወቀም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም የተሻልኩ መስሎኝ «ኩላሊቱ ነው» አልኩና፣ ለማስረዳት ያህል ከራሴ የኋላ ኪስ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ ጠቆምኩ።

ሲስተር አየችኝ። «ወንድሜ፣ ያንተ ኩላሊት እዚያ ከሆነ አንተም ካርድ አውጣ።»

ለካ ኩላሊት ከዚያ በላይ ነው ያለው፤ ከሆድ ዕቃው ኋላ፣ ጀርባን ተደግፎ፣ ከፊሉ በመጨረሻዎቹ ጎድኖች ሥር ተሸሽጎ። ቀኙ ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጉበት ከላዩ ስለተኛበት ነው። ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን ሥር ነው፤ አዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝን ልናገር? ዋጋው። ሞጆ ያደገ ሰው ጉበት በኪሎ ሲነገረው ሌላ ምን ሊመጣበት ይችላል?

እነሆ ብልት። አናቶሚ የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ቆራርጦ መለየት ማለት ነው። እኛ ለዚህ ከማንም ያልተበደርነው ቃል አለን፦ መበለት። በለተ ሲባል የታረደውን በየመገጣጠሚያው ለያየ ማለት ነው፤ የተለየው ቁራጭ ብልት ይባላል። «በልቶ» ተብሎ ሲጻፍ የበለተው ይሁን የበላው አይለይም፤ ሞጆ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ መለየቱም እምብዛም አያስፈልግም። እናቶቻችን ከአንዲት ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ያወጣሉ፤ ፈረሰኛውን ከመላላጫው አጋጭታ ዐሥራ አንድ ያወጣች ሙሽራ አማቷ ቆጥራ ለጎረቤት ትነግርባታለች። እንግዲህ በደንቡ ቢሆን የአናቶሚ መምህር «ብልት አዋቂ» ነበር መባል ያለበት። ነገር ግን ከመቶ ብልቶች አንዱ ተነሥቶ የሁሉንም ስም ለብቻው ያዘ፤ ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ «ብልት» ብትሉ እናት የልጇን ጆሮ ትይዛለች። የቀረው ሰው ደግሞ ከብልት ሸሽቶ ኃፍረተ ሥጋ ገባ፤ ከኃፍረተ ሥጋም ሸሽቶ «ታች» ላይ ሰፈረ። «ምንዎትን ነው?» «ታች።» ታች ስንት ነገር አለ! ተረከዝም ታች ነው።

ራሳችንን በበሬ በኩል ማወቁን ግን እኛ አልጀመርነውም። እ.ኤ.አ. በ129 ገደማ የተወለደው ጌለን የሮም ቄሣሮች ሐኪም እስከ መሆን የደረሰ ግሪካዊ ነበር። በዘመኑ የሰው ሬሳ ከፍቶ ማየት ስለማይቻል ጦጣ ከፈተ፣ አሳማ ከፈተ፣ በሬም ከፈተ። በትልልቅ ከተሞች የበሬ አንጎል ተዘጋጅቶ እንደሚሸጥ ራሱ ጽፏል፤ በኛ አነጋገር ማስተማሪያውን ከልኳንዳ ነበር የሚያስመጣው። ታዲያ በእንስሶቹ አንጎል ሥር የተጠላለፈ የደም ሥር አገኘና፣ «ድንቅ መረብ» የተባለውን ይህን ነገር ሰውም አለው አለ። በሬ አለው፣ በግም አለው። ሰው የለውም። ይሁን እንጂ ቬሳሊየስ የሚባል ወጣት የሰው ሬሳ እየከፈተ እ.ኤ.አ. በ1543 ትልቁን መጽሐፉን እስኪያወጣ ድረስ፣ ከ1,300 ዓመት በላይ የአውሮፓ ሐኪም የሌለውን መረብ እንዳለው አምኖ ኖረ። ጎረቤቴ ከጌለን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የሚጣሉት በሻኛው ክፍፍል ብቻ ይመስለኛል።

የኛ ድንቅ መረብ ጨጓራ ነው። የበሬ ሆድ አራት ክፍል አለው፤ ታጥቦ የማይጠራው ሽንፍላ ከአራቱ አንዱ ነው። የሰው ግን አንድ ነው፤ እሱም ከሆዱ የላይኛው ክፍል ወደ ግራ አጋድሎ የተቀመጠ ከረጢት ነው። እኛ ግን አራቱንም እንደያዝን ነው የምናወራው። ከጉሮሮ በታች፣ ከቀበቶ በላይ ያለው በሙሉ ጨጓራ ነው። ደረት ቢያፍን ጨጓራ ነው፤ የልብ ሕመም ሆኖ ቢገኝም መጀመሪያ ሦስት ቀን ጨጓራ ሆኖ መቆየት አለበት።

ለበሬው ያልሰጠነውን የውስጥ ዕቃ ደግሞ ለስሜት አከራይተነዋል። ስንናደድ ቆሽታችን ያርራል፤ ቆሽት የደም ስኳርን የሚቆጣጠር ዕጢ መሆኑን የምንሰማው ግን ስኳር በሽታ ሲያገኘን ነው። ስንፈራ ሐሞታችን ይፈሳል። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣ ስንራራ አንጀታችን ይንሰፈሰፋል፣ ክፉ ጎረቤት ሲቀጣልን ያው አንጀት ቅቤ ይጠጣል። ነገረኛ ሰው ጨጓራችንን ይልጠዋል። ልብማ ማሰቢያም ነው፣ መድከሚያም ነው። «ልቤ ውልቅ አለ» ብሎ የመጣን ሰው ሐኪሙ ምን ያድርገው? የልብ ስፔሻሊስት ይጥራለት ወይስ ወንበር ያቅርብለት?

ከዚህ ሁሉ የቀሩት ጉበትና ጣፊያ ናቸው፤ የሚንሰፈሰፍ ጉበት ወይም ቅቤ የጠጣ ጣፊያ ሰምቼ አላውቅም። ጉበት በእርግጥም ከውስጡ የሕመም ስሜት የለውም፤ የሚያመው መሸፈኛው ሲወጠር ነው። ስለዚህ ብዙ ተጎድቶ እንኳ ዝም ሊል ይችላል። ቋንቋችንም ዝም ማለቱን አይቶ አለፈው መሰለኝ፤ ዝምተኛ ሰው በስብሰባ ላይ ስሙ እንደማይነሣው።

ከቆዳ በላይ ባለው ግን አንታማም። አማርኛ የሚመታበትን፣ የሚሸከምበትንና የሚበላበትን ቦታ ጠንቅቆ ያውቃል። ለጥፊ ጆሮ ግንድ አለ፤ ለወንበዴ ማጅራት አለ፤ ለሸክም ጫንቃ አለ፤ ለጋዜጣ ብብት አለ። የእጅ ጀርባ «አይበሉባ» ነው። አስቡት፣ አንድን የአካል ክፍል እንጀራ ስለማይጠቀለልበት ብቻ የሰየመ ሕዝብ! ከአምስት ጣት አንዱን ሌባ ብለን ትንሿን ለማርያም ሰጠናት። ጉልበት ላይ ያለችው ክብ አጥንት ሎሚ ናት፤ ሞጆ የሎሜ ወረዳ ዋና ከተማ ስለሆነች ነው መሰል፣ እዚህ ኳስ ተጫውቶ ሎሚው ያልተመታ ልጅ የለም። ሽንጥ የሚለው ቃል ደግሞ ልኳንዳ ቤትም ሠርግ ቤትም ያገለግላል፤ አንድ ሰው «ሽንጥ ማለት ይህ ነው!» ሲል ስለ በሬው ይሁን ስለ ሚዜዋ ለማወቅ ዓይኑን መከተል ያስፈልጋል።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከማዕድ ቤት አልወጡም። በላቲን የጉልበቷ ሎሚ «ትንሽ ሳሕን» ትባላለች። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት ጎድጓዳ «የኮምጣጤ ጽዋ» ነው፤ ዳሌ «ገበቴ»፣ የማጅራት ፊት ለፊት ያለው የአንገት ሥር አጥንት «ትንሽ ቁልፍ»፣ የቅልጥም አጥንት «ዋሽንት»፣ ጡንቻ «ትንሽ አይጥ»። የተከበረው የሕክምና ቋንቋ ሲገለጥ ጓዳ ነው፤ አይጧ ሳትቀር። ጎረቤቴ ከሲስተር ራስ በላይ የተለጠፈውን የሰውነት ሥዕል ባየ ቁጥር ግን የፈተና ወረቀት እንደተሰጠው ተማሪ ያልበዋል። ይኸው ሰው ካንቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ እያለ ሲውል ምላሱ አይደናቀፍም። እነዚህን የሰጠን ጣሊያንኛ የላቲን ልጅ ነው። ከእናቲቱ ይሸሻል፣ ከልጅቷ ጋር ጋራዥ ይውላል።

በጥቅሉ መናገር ላይ ግን ማንም አይደርስብንም። እጅ ለኛ ከትከሻ እስከ ጥፍር ነው፤ «እጄ ተሰበረ» ያለ ሰው ከክንዱ ጀምሮ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ካሉት 30 አጥንቶች አንዱን ሰብሯል፣ የቱን እንደሆነ ወጌሻው ይፈልግ። የአዋቂ ሰው አጥንት ጠቅላላው 206 ነው፤ ስለዚህ «እጄን» ያለ ሰው ቢያንስ 176ቱን ነጻ አውጥቷልና ሊመሰገን ይገባል። «ሰውነቴን በሙሉ» የሚልም አለ።

ሲስተር ተስፋ ሳትቆርጥ ቀጠለች። «ሕመሙ ወደ ቀኝ ያደላል ወይስ ወደ ግራ?»

«በኔ ነው በአንቺ?» አለ ጎረቤቴ።

ወረፋው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ሳስበው ከዕለቱ ጥያቄዎች ሁሉ ብልሁ ይኸ ነበር። አናቶሚ የተባለው ትምህርት ሲጀመር መጀመሪያ የሚያስማማው በዚሁ ላይ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁልጊዜ የታካሚው ነው፣ የሚያየው ሰው የትም ይቁም። ይህን ደግሞ ሾፌር የሚባል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መካኒኩ ከመኪናው ፊት ቆሞ «የግራው ፍሬቻ አይበራም» ቢል የሾፌሩን ግራ ነው እንጂ የራሱን አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለመኪናው ያላጠፋውን ግራ ጎረቤቴ ለራሱ ሲሆን ጠፋው።

ሁለተኛው ስምምነት አቋቋም ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ፊቱን ወደኛ አድርጎ፣ እጆቹን ወደ ታች ዘርግቶ መዳፎቹን ወደፊት ገልጧል። ለረዳት «ፍራንክ የለኝም፣ ይኸው» የሚል ተሳፋሪ ቁርጥ እሱን ነው። «በላይ»፣ «በታች»፣ «በፊት»፣ «በኋላ» የሚሉት የአናቶሚ ቃላት ሁሉ የሚለኩት ከዚህ ባዶ እጁን ከቆመ ሰውዬ ነው፤ ሰውዬው ተኝቶ ቢታከምም ራሱ «ላይ» እንደሆነ ይቀራል። በሬው ላይ ቢሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ የበሬ ላይ ጀርባው ነው፣ ፊቱ ደግሞ ራሱ ያለበት ነው። ሁለት እግር ላይ መቆማችን ያመጣብን ጣጣ ነው። በዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ የጅቡቲ ሾፌሮች ከሚያልፉበት መንገድ ርቃ፣ ሐዳር ላይ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ዳሌዋና ጉልበቷ መስክረውባታል። ያን ጊዜ ብትቀመጥ ኖሮ ዛሬ ከልኳንዳው ቆራጭ ጋር በአንድ ቋንቋ እንግባባ ነበር።

ሐኪሙ መጣ። ጥያቄ አላበዛም። «ሲጀምርዎት የቱ ጋ ነበር?»

«እምብርቴ ዙሪያ።»

«አሁንስ?»

መጥረጊያው ሥራውን ሊጀምር እጁን አነሣ። ሐኪሙ ግን ቀደመውና በቀኝ በኩል፣ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ወደ ዳሌው፣ ጣቱን ጫን አድርጎ ለቀቀው። ጎረቤቴ ከአልጋው ተነሥቶ ተቀመጠ። በዚያች ቅጽበት፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ በትክክል አወቀ።

«ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም» አለ ሐኪሙ። «ዛሬውኑ አዳማ ይሂዱ።»

«ትርፍ?» አለ ጎረቤቴ፤ ሕመሙን ረስቶት ነበር። «እኔ? እኔ በሕይወቴ ትርፍ ጭኜ አላውቅም!»

ይህ ሐሰት ነው። ከመቂ መገንጠያ እስከ አዋሽ ያለ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉ ሐሰት መሆኑን ያውቃል። ግን ሆዱን ይዞ የሚምል ሰው ላይ ማን ይመሰክራል? ባለቤቱ መጥታ ነበርና «ትርፍ ከሆነማ እግዜር ለምን ፈጠረው? ምናልባት መጠባበቂያ ይሆናል» አለች። እሷም የሾፌር ሚስት ናት፤ መጠባበቂያ ጎማ አስባ ነው።

አዳማ ላይ በዚያው ምሽት ወጣለት። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ የማርያም ጣት የምታህል ነገር ናት፤ ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ተንጠልጥላ የምትኖር። እ.ኤ.አ. በ1735 ለንደን ላይ ክላውዲየስ አምያንድ የተባለ ሐኪም ከአንድ የ11 ዓመት ልጅ ላይ አውጥቷታል፤ ትርፍ አንጀት በማውጣት መጀመሪያ የታወቀው ቀዶ ጥገና እሱ ነው። ጌለን ግን ስለሷ አንድ ቃል አልጻፈም። የከፈታቸው ጦጣዎች አልነበራቸውማ!

ጎረቤቴ አሁን ተለውጧል። ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ጠባሳውን በዚያች በሌባ ጣቱ ጫፍ እየጠቆመ «እዚህ ጋ፣ በኔ በቀኝ» የማይልለት ሰው የለም። ደረቅ ወደብ ያሉ ረዳቶች አይተውለታል፤ ባጃጅ ነጂዎች አይተውለታል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አይተንለታል። ሆዱ ግን ያው ሆድ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ነፋኝ ሲል የቱ ጋ ብለው መዳፉ ከጡቱ ተነሥታ ቀበቶው ደረሰች።

ከወር በኋላ በአንዱ ቅዳሜ አብረን ልኳንዳ ቤት ገባን። እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ መዳፎቹን አነሣ፣ የተሰቀለውን አየ። ቆራጩ ቢላዋውን እየሳለ «ከሻኛው ልጀምር፣ ጋሼ?» አለ።

«ቆይ። የዚህ በሬ ትርፍ አንጀቱ የቱ ነው? አንዴ ልየው።»

ቆራጩ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ቢላዋውን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። የሆድ ዕቃው ሲገላበጥ ይሰማናል። ረዳቱን ጠራ፤ ሁለቱም እዚያው ቆዩ። እኔ አዋዜውን ወደራሴ ሳብኩ። በመጨረሻ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ወጣ፤ እንዲህ ግራ ገብቶት አይቼው አላውቅም።

«የለውም።»

«እንዴት የለውም?»

«ጋሼ፣» አለ ቆራጩ ቢላዋውን እያነሣ፣ «በሬ ትርፍ አይጭንም።»